ሃያ አራት የሕፃን ልብሶች

ሰርዋ የመጨረሻዋን ትንሽ ሱሪ ገመዱ ላይ ሰቅላ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ዘወር ስትል፣ አንዲት የማታውቃት ሴት በተከፈተው የግቢ በር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ አየች። ሴትዮዋ የተሰቀሉትን ልብሶች ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ለቀመቻቸው፤ መዳፏን አፏ ላይ ጫነችና «ወይኔ ልጆቹን!» ብላ እርምጃዋን አፍጥና ሄደች። ሰርዋ ፈገግ አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ የሰፋችውን ልብስ አላፊ አግዳሚው ሲያደንቅላት ማን ይጠላል? ልብሶቹ ደግሞ በእርግጥ ያምራሉ። ከክንድ የማይበልጡ ቱታዎች፣ ትከሻቸው ላይ የሚቆለፉ ቀሚሶች፣ መዳፍ የሚያክሉ ኮፍያዎች፣ አንድ ላይ ሃያ አራት። ሌላ ጊዜ ከክፍሏ ጀርባ ነበር የምታሰጣው፤ የትናንቱ ዝናብ ጓሮውን ጭቃ ስላደረገው ግን ገመዱን ከማንጎው ዛፍ እስከ ቧንቧው ምሰሶ፣ ልክ በበሩ ትይዩ ወጠረችው።

ልብሶቹን ያዘዘቻት ማዳም ናዴይ ናት። ማዳም ናዴይ አክራ ውስጥ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ የሕፃናት ልብስና መጫወቻ የሚሸጥ ሱቅ አላት። እዚያ ሱቅ ፕላስቲክ ድርሽ አይልም። መኪናውም ላሙም ከእንጨት የተጠረበ ነው፤ እንጨቱ የሚታሸው በኮኮናት ዘይት፣ ቁልፉ የኮኮናት ቅርፊት፣ ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ፣ ቀለሙ ከዛፍና ከቅጠል፤ ሕፃኑ ቢያኝከው እንኳ ሆዱን አይቆርጠውም። ዋጋው ብቻ ነው የማይታኘከው። ሰርዋ ለአንድ ቱታ ሰባ ሴዲ ትቀበላለች፤ ማዳም በወረቀት ከረጢት ከትታ፣ በቃጫ አስራ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ትሸጠዋለች። ገዢዎቹም «ምድራችንን ማዳን አለብን» እያሉ ከፍለው፣ ልጃቸውን አቅፈው፣ ቤት የሚያካክሉ መኪኖቻቸው ውስጥ ይገባሉ።

እስከ ዛሬ ሰርዋ የምትሰፋው ነጭና ሰማያዊ ነበር፤ ለአራስ ቤት የሚሆን፣ የደስታ ቀለም። ዘንድሮ ግን ማዳም ደውላ «ፋሽኑ አፈር ነው» አለቻት። የጡብ ቀለም፣ የዝገት ቀለም፣ የከሰል ቀለም። ሰርዋ ስልኩን ወደ ሌላ ጆሮዋ አዛወረች።

«ማዳም፣ ይሄ እኮ እኛ ጋ ሰው ሲሞት የሚለበስ ነው።»

«ሰርዋዬ፣ ፎቶ ላይ ሲወጣ ብታዪው! ደግሞ ገዢዎቼ ለቅሶ ሊሄዱበት አይደለም።»

ማዳም በሰባት ዓመቷ ከአባቷ ጋር ለንደን ሄዳ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተመለሰች ሴት ናት፤ ለቅሶ የምታውቀው በስልክ ነው። ሰርዋ ከንፈሯን ነክሳ ሥራውን ተቀበለች። ልብሶቹን በባዶ ነጭነታቸው ይዛ ከከተማ ወጣ ወዳለው ወደ ቀለም ነካሪዎቹ መንደር ወረደች። የዛፍ ሥር ልጣጭ ወቅጠው፣ ቀቅለው፣ የኀዘንን ቀይ ቡኒ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ሽማግሌው ነካሪ ትንንሾቹን ልብሶች አንድ በአንድ ዘርግተው አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም ገና አንዴ «ቀንሱልኝ» ከማለቷ ዋጋውን በግማሽ ቀነሱላት። ሰርዋ በዚያ ቀን መኪና ውስጥ እየተንገጫገጨች ስትመለስ፣ ለካ መከራከር እችላለሁ ብላ በራሷ ኮርታ ነበር።

እሺ ያለችውም ወዳ አይደለም፤ የሕክምና ወጪ ነበረባት። እዚሁ ግቢ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ፖኩዋ ሆስፒታል ከገባች ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኗ ነው። በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ልጁ ደህና ነው፣ እሷን ግን ቁስሉ አመረቀዘባትና ትኩሳት ጣላት። ሁለቱ ትልልቅ ልጆቿ፣ የአምስት ዓመቷ አዶማና ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድሟ፣ ከሰርዋ ጋር ናቸው። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የፖኩዋ ባል ኦፎሱ ደውሎ «ትኩሳቱ ተመልሷል። ሐኪሞቹ ጠዋት አይተው ይወስናሉ። ጸልዩ» አለና፣ ምን እንደሚወስኑ ሳይናገር የሰርዋ ስልክ ጭጭ አለ። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ስልኩን ጄኔሬተር ላለው ለማዕዘኑ ጸጉር አስተካካይ ሰጠችው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ነይ አላት። ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም፤ እና ሰው እንዲህ ሲሆን የሚያደርገውን አደረገች፤ ልብስ አጥባ ሰቀለች።

ሦስት ሰዓት ግድም ናና ቢራጎ ገቡ። ናና ቢራጎ የሰፈሩ አንጋፋ እናት ናቸው፤ ከባንታማ ሰፈር ቤቶች ውስጥ ሳይቀመጡበት የቀሩት አልጋ እንጂ በርጩማ የለም። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ተከትለዋቸዋል፤ ሦስቱም ጠቆር ያለ ኩታ ደርበዋል። ከቀኝ ጀምረው ጨበጡ። ሰርዋን፣ ቀጥለው አዶማን፣ ቀጥለው አፍንጫው ያልተጠረገውን ትንሹን ወንድሟን ሳይቀር። ናና የአዶማን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰርዋ ወንበር አወጣች፣ ውሃ ቀዳች፤ እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ ጉዳዩ አይጠየቅም። ጠጡ። እንደ ወጉ ጠየቀች።

«ቤታችን ሰላም ነው። እናንተስ ምን እግር ጣላችሁ?»

«ክፉ ይዘን አልመጣንም፣ ልጄ» አሉ ናና፣ እንደ ወጉ። «ሰማን። ሰምተን ደግሞ ቤታችን መቀመጥ አቃተን።»

ሰርዋ ምን ሰማችሁ ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የታመመ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ «ሞተ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤ ማንም የአሻንቲ ሴት አታደርገውም። ደግሞም መርዶ እንደ ገበያ ወሬ በአንድ አፍ አይዘረገፍም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሌላ ሽማግሌ ይጠበቃል፣ ሰው እስኪሰበሰብ ወሬው ይንጠለጠላል። ሰርዋም እነዚህ ሴቶች የሚጠብቁት ሰው አለ ብላ አሰበች፤ ምናልባት ኦፎሱን። ሴቶቹ ደግሞ ስለ እሷ፣ አታለቅስም፣ ደንግጣለች፣ የእህቷ ባል መጥቶ እስኪያረዳ አፏን ይዛ ነው አሉ በልባቸው። እንዲህ ሆነው አራቱም የእጅ መዳፋቸውን እያዩ ተቀመጡ።

ሌሎች መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ሁሉም ይጨብጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ «ሰማን» ይላል፣ ይቀመጣል። በርጩማው አልቆ ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ተሸክመው አመጡ። አንዷ ሳትጠየቅ ግቢውን ጠረገች፤ ሌላዋ ልጆቹን ይዛ ገንፎ አበላቻቸው። አዶማ ይህን ሁሉ እንግዳ በማየቷ ደስ ብሏት ከጭን ወደ ጭን ትዘዋወራለች፤ የተቀመጠችበት ጭን ሁሉ ያቅፋታል። ሰርዋ እጇን የምታደርግበት ጠፋት። የማዳም ሹፌር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብሶቹን ሊወስድ ይመጣል፣ አራት ቱታ ደግሞ ቁልፍ ይቀረዋል። ስለዚህ ከገመዱ ላይ እርጥቡን አንዱን አውርዳ፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የኮኮናት ቁልፎቹን መትከል ጀመረች። መርፌው አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ ጣቷን ይወጋል። ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ዳቦ ሻጭ ይህን ስታይ አልቻለችም፤ ፊቷን በኩታዋ ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ገና እየሰፋችላቸው ነው!» አለች ለጎረቤቷ፣ በሹክሹክታ። ሰርዋ ሹክሹክታውን አልሰማችውም፤ ለቅሶውን ግን አየችው።

ስድስት ሰዓት ሞላ። ስልኩ ይኼኔ ተሞልቷል። ማዕዘኑ ከግቢው በር ሃምሳ እርምጃ አይርቅም፤ ሰርዋ ግን አልተነሣችም። እንግዳ አስቀምጦ መሄድ ነውር ነው አለች ለራሷ። እውነቱ ሌላ ነው። ስልኩ እስካልበራ ድረስ ፖኩዋ በሕይወት አለች፤ ሲበራ ግን ማን ያውቃል? ፈራች፤ ልጅ ሆና ጨለማ ክፍል መግባት ትፈራ እንደነበረው ፈራች። ያኔ ፊት ፊቷ የምትገባላት ያቺው ታናሿ ነበረች። የኦፎሱን ቁጥር በቃሏ ብታውቀው ከአንዷ ስልክ ተውሳ ትደውል ነበር፤ አታውቀውም፣ ባለማወቋም ደስ አላት፣ በመደሰቷም አፈረች።

ሹፌሩ ያለ ወትሮው ቀድሞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። በሩን ገፋ አድርጎ ገባ፣ ሠላሳ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ አየ፣ ገመዱንም አየ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጥያቄ የለ፣ ወሬ የለ፣ ከቀኝ ጀምሮ ሠላሳውንም ጨበጠ፤ የሰርዋን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እሱም ሰምቷል ማለት ነው አለች ሰርዋ በልቧ። ወሬው አክራ ደርሷል።

ዝምታውን የሰበረችው አፍራኮማ ናት። አፍራኮማ እዚያው ግቢ፣ ከፖኩዋ ክፍል ትይዩ የምትኖር ቲማቲም ነጋዴ ነች። ሁለቱ በአንዲት ዶሮ የተነሣ ሦስት ዓመት ተኳርፈዋል። ፖኩዋ ዶሮዬን በልታብኛለች ትላለች፤ አፍራኮማ በእናቴ መቃብር አልበላሁም ትላለች። ወደ አንድ ቧንቧ እየመጡ፣ ባልዲያቸው እየተጋጨ፣ እንደምን አደርሽ እንኳ አይባባሉም። አሁን አፍራኮማ ከገበያ በሩጫ መጣች፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም፣ ገና ከበሩ እጇን ራሷ ላይ ጭና ጩኸቷን ለቀቀችው።

«ፖኩዋ! ምነው ጥለሽን ሄድሽ! ዶሮዋን እኔ ነኝ የበላኋት! ሦስት ዓመት ሙሉ የማልኩት በውሸት ነው! ፖኩዋዬ፣ ተነሽና ስደቢኝ!»

ቱታው ከሰርዋ ጭን ወደቀ፣ እሷም ተከትላው መሬት ላይ ተዘረረች። ከጠዋት ጀምሮ የታፈነው ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ከአፏ ወጣ፤ የእህቷን ስም ብቻ ነበር የምትጠራው። በዚህ ጊዜ ግቢው በአንድ አፍ አለቀሰ። አዶማ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አይታ አለቀሰች፣ ትንሹ እሷን አይቶ አለቀሰ፣ ሹፌሩ መሐረብ አወጣ።

ናና ቢራጎ ሰርዋን ደግፈው አስቀመጧት፣ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉላት። አሁን ነገሩ ወጥቷል፤ ወግ ባለው መንገድ መጠየቅ የሳቸው ድርሻ ነበር።

«በስንት ሰዓት ነው ያረፈችው፣ ልጄ?»

ሰርዋ እያነባች አየቻቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ናና? እናንተ አይደላችሁ እንዴ ሰምታችሁ የመጣችሁት?»

«እኛማ ከዳቦ ሻጯ ነው የሰማነው።»

«እኔ ደግሞ ከአንዲት መንገደኛ» አለች ዳቦ ሻጯ። «ሴትዮዋ በዓይኔ አየሁ አለችኝ። ለልጆቹ የኀዘን ልብስ ነክራ ሰቅላለች፣ እናታቸው ሞታ ነው አለችኝ።»

ሠላሳ ራስ አንድ ላይ ወደ ገመዱ ዞረ። ሃያ ሦስት ቀይ ቡኒና ጥቁር የሕፃን ልብሶች በነፋስ እየተወዛወዙ ነበር፤ ሰርዋም ለሁለት ሳምንት ሰፍታቸው፣ ነክራቸው፣ አጥባቸው ያላየችውን አሁን አየች። አንድ የለቅሶ ቤት ገመድ።

«ለሽያጭ ነው!» ብላ ጮኸች። «ለሱቅ ነው! የአክራ ሱቅ! ይኸው ሹፌሩ!»

ሹፌሩ መሐረቡን ከዓይኑ አነሣ። «እኔ እኮ ልብስ ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ፣ ጥፋቱ የሱ ይመስል።

አንዷ መሳቅ ጀምራ አፏን ያዘች። ገና ምን ተይዞ ይሳቃል? ለቅሶው ከንቱ መሆኑ ታወቀ እንጂ ፖኩዋ መትረፏ አልታወቀም። ይህ ሁሉ ሰው ምንም አልሰማም ማለት ነው፤ ግን የማታው ትኩሳት እውነት ነው፣ የሐኪሞቹ «ጠዋት እንወስናለን» እውነት ነው። ሰርዋ ተነሥታ በባዶ እግሯ ሮጠች። ግማሹ ለቀስተኛ ተከተላት።

ጸጉር አስተካካዩ የአንዱን ደንበኛ ራስ ግማሽ አድርሶ ነበር። «ስልክሽ ሲጮኽ ነው የዋለው» አለና ሰጣት። አሥራ አንድ ጥሪ። ሁሉም ከኦፎሱ። አሥራ አንድ ጊዜ ለደስታ የሚደውል ሰው የለም ብላ አሰበችና መልሳ ደወለች። ጠራ። ጠራ። ተነሣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስልክሽን ምን ዋጠው?»

የኦፎሱ ድምፅ አልነበረም። ደከም ያለ፣ ሻካራ፣ ቁጡ፣ የፖኩዋ የራሷ ድምፅ ነበር።

«ከጠዋት ጀምሮ ልናብድ ነው እኮ! ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ውጪ ብለውኛል። ታክሲ ውስጥ ነን፣ ገበያው ጋ መንገድ ተዘግቶብን። ልጆቹ በሉ? ሰርዋ? አትሰሚኝም እንዴ?»

ሰርዋ ትሰማለች። የተቆረጠ ጸጉር በሞላበት ወለል ላይ ቁጭ አለች፣ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጨቁና፣ ደረቷ እየተነፈሰ፣ እየተነፈሰ፣ አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ታፍኖ የኖረው አየር ሁሉ እስኪወጣ። «በሉ» አለች በመጨረሻ። «ገንፎ በሉ። ነይ ብቻ። ነይልኝ።» ከበር ላይ ሆነው ፊቷን ሲያነቡ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨው ሰውዬም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው። ናና ቢራጎ ከምርኩዛቸው ይልቅ በድምፃቸው ግቢውን አዘዙ። ከሞት የተመለሰች አራስ እንዲህ ያለ ገመድ ሥር አታልፍም! ሴቶቹ ልብሶቹን እንደ ጎመን እየቀነጠሱ ገንዳ ውስጥ ከመሯቸው፤ ሹፌሩ «ማዳም እርጥብ ነው ትለኛለች» ሲል፣ ናና «አክራም ፀሐይ አለ» ብለው መኪናው ውስጥ አስጫኑት። ሰርዋ ቁልፋቸው ተተክሎ ያላለቀውን አራቱን ቱታዎችና አንድ እፍኝ የኮኮናት ቁልፍ አብራ ሰጠችው። «ራሷ ትትከላቸው። ለሚቀጥለው ደግሞ ነጭና ሰማያዊ ካልሆነ አልሰፋም በልልኝ፤ ፋሽኑ ምንም ይሁን» አለችው። ይህን ስትል ቆማ ነበር፤ ከማዳም ጋር ስትነጋገር እንዲህ ቆማ አታውቅም። ጠቋቁር ኩታዎች ወደየቤታቸው ሮጠው ነጭ ሆነው ተመለሱ። አንዷ ለደስታ የሚነሰነስ የሕፃን ፓውደር አመጣች። ለቅሶ ቤት ነው ተብሎ ቆሞ የነበረው፣ የተቀቀለ ካሳቫ የሚወቀጥበት የፉፉ ሙቀጫ ከጓሮ መደለቅ ጀመረ።

ታክሲው ሲቆም ኦፎሱ ቀድሞ ወርዶ በሩን ከፈተ። ፖኩዋ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ወጣች። ግቢው በነጭ ልብስ ተሞልቷል፤ እልልታው ማንጎው ላይ የነበሩትን ወፎች አበረራቸው፤ ናና ቢራጎ አንገቷና ትከሻዋ ላይ ፓውደር በተኑባት። ፖኩዋ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች። እሷ ሰው የሚወዳት ሴት አይደለችም፣ ራሷም ታውቀዋለች፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ስትቆጣ ለማንም አትመለስም። «ይሄ ሁሉ ለኔ ነው?» አለች።

አዶማ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቀና አለች። «እማዬ፣ ሞተሽ ነበር እኮ» አለች። «አፍራኮማም ዶሮዋን በላኋት አለች።»

ኦፎሱ ሰርዋን አየ፣ ሰርዋ መሬት አየች። ፖኩዋ ዓይኗን ከአንዷ ወደ አንዷ ስታንከራትት ያበጡ ዓይኖች፣ የደረቀ እንባ ያለባቸው ጉንጮች አገኘች፤ መጨረሻ ላይ አንድ ጫማ ብቻ ያደረገችው አፍራኮማ ላይ ደረሰች። የእሷ ዓይን ከሁሉም ይበልጥ አብጧል።

«አንቺም አለቀስሽልኝ?»

«ምን ላድርግ፣ ሞተች አሉኝ» አለች አፍራኮማ፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሎ። «አውቀሽ አይደለም እንጂ አስለቅሰሽኛል።»

«በጨው ነው በበርበሬ የበላሻት?»

«በኦቾሎኒ ወጥ።»

ፖኩዋ ሳቀች፤ ስፌቱ ይዟት ሆዷን ጨብጣ፣ «አታስቁኝ፣ እናንተ ሰዎች፣ ይቀደዳል!» እያለች። ሕፃኑን ለመቀበል ሰባት ጥንድ እጅ ተዘረጋ። ፖኩዋ ሰባቱንም አየችና ልጁን ለአፍራኮማ ሰጠቻት። አፍራኮማ እንደ እንቁላል አድርጋ ተቀበለችው፣ ከዚያ በኋላም ማንም ሊነጥቃት አልቻለም።

ሰርዋ እህቷን ደግፋ ክፍሏ አስገባቻት፣ ትራሱን አስተካከለችላት፣ እግሯን አነሣችላት። ውጭ ሙቀጫው ይደልቃል፣ ሴቶቹ የጠዋቱን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው እየተናገሩ ይንጫጫሉ፣ እያንዳንዷ እኔስ ጠርጥሬ ነበር ትላለች።

«ሰርዋ» አለች ፖኩዋ፣ ጣራውን እያየች። «እዚያ ተኝቼ ሌሊት ሌሊት የማስበው ምን ነበር መሰለሽ? ሞቱን አይደለም። ብሞት ማን ይመጣልኛል? ነበር የምለው። በጣቴ እቆጥርና አንድ እጄ አይሞላም ነበር።»

ሰርዋ እጇን ያዘችላት። የእህቷ እጅ ቀዝቃዛ ነበር፤ የጤነኛ ሰው ቅዝቃዜ።

«ሠላሳ ሰው መጥቷል። የማያውቅሽ የአክራ ሹፌር ሳይቀር አልቅሷል» አለቻት።

ፖኩዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንባዋ ትራሱን ሲያርሰው ሰርዋ እንዳላየች ሆነች። ጥቂት ቆይታ እንድታርፍ ብላ ልትወጣ ስትነሣ እህቷ ጠራቻት።

«በሩን አትዝጊው» አለቻት። «ድምፃቸውን ልስማበት።»